ጭቃ የተመረገበት ጉበን

በወገዳ ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ፣ ዳኛ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት አያ ማሬን ይጠሩ ነበር። አያ ማሬ ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማሳውን ዞረው ያያሉ፤ «ድንበሩ ይኸ ነው» ይላሉ። ነገሩ በዚያው ያልቃል። ጎረቤታቸው ዋለ እንኳ ከሃያ ዓመት በፊት በእርሳቸው ምስክርነት ግማሽ ጥማድ የገብስ መሬት ሲያጣ፣ «አያ ማሬ ካሉ ይሁን» ብሎ ትቶታል።

ከዚህ ቃላቸው ሌላ ያላቸው አንድ ቤት ነው። የሠሩት ሲራራ ነጋዴው አያታቸው ናቸው፤ ታቹ የበቅሎ ማደሪያ፣ ላዩ የሰው፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ። በበሩ ላይ በተጋደመው የወይራ ጉበን ስማቸውንና ዘመኑን አስቀርጸውበታል።

ከአራት ዓመት በፊት የትናየት የምትባል የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቅርስ ልትመዘግብ መጣች። አያ ማሬ መምጣቷን በዋዜማው ሰምተዋል። ሰው የሚፈራው ያየውን ነው፤ እርሳቸው ደግሞ የአባታቸው ሁለተኛ ቤት «ትርፍ ነው» ተብሎ ሲወረስ አይተዋል። ያም የተጀመረው በምዝገባ ነበር። ስለዚህ ጭቃ ከጭድ አቡክተው ጉበኑን መረጉት።

«እኔው ነኝ የሠራሁት፣ ልጄ። በደርግ ጊዜ» አሏት።

«ያረጀ ይመስላል እኮ፣ አባቴ።»

«ድንጋይ መቼ አዲስ ሆኖ ያውቃል?»

ጻፈች፤ ፈረሙ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን፣ «ልጅቱ ዝም ብላ አለፈችው» አሉ። አገሩም ልጅቱን ታዘባት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአያ ማሬ ግን እያደር ከበደ። ዘንድሮ ለከተማው አዲስ ፕላን ወጣ፤ መኪና መንገዱ ይሰፋል ተባለ። መንገዱ ያስፈልግ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ምጥ የያዛት ሴት የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ፕላኑ የተመዘገቡት አሮጌ ቤቶች ጋ ሲደርስ ዞር ይላል። በአያ ማሬ ቤት ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል።

የትናየት ዘንድ ሄደው እውነቱን ነገሯት። አልተቆጣችም።

«ማስተካከል ይቻላል፣ አባቴ። ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን ቆመው፣ ያኔ የተናገርሁት ሐሰት ነው ይበሉ። ፕላኑ ሳይጸድቅ ይደርሳል።»

አያ ማሬ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። በሕዝብ ፊት ዋሽቻለሁ ካሉ፣ በእርሳቸው ቃል የተሰመረ ድንበር ሁሉ ነገ ይነሳል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ እቅጩን እንናገርና፣ ኩራታቸው ነው፤ ማሬ ዋሸ ከሚባል ቤቱ ይፍረስ አሉ። በስብሰባው ቀን ከቤት አልወጡም። ያሳዝናሉ፤ ያናድዳሉም።

ሚያዝያ ላይ ዶዘሩ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዕቃቸው መንገድ ዳር ተከምሯል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ የትናየትም መዝገቧን ይዛ ከዳር ቆማለች። ዶዘሩ የበሩን ግድግዳ ሲገፋው ድንጋዩ ተናደ፤ ጉበኑ ሳይሰበር ወርዶ ሰው እግር ሥር ወደቀ። ምርጊቱ ረግፏል። ዋለ ጎንበስ ብሎ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና አነበበ፤ «፲፰፻፺፬ ዓመተ ምሕረት።»

ቀና ብሎ ወደ የትናየት ዞረ።

«ይኸን አይተሽ ነው የዘለልሽው?»

አንገቷን ደፋች። «ያኔ ጭቃ ተመርጎበት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ የሠራሁት ብለውም ፈርመዋል።»

ዋለ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ቢቆጣ በተሻለ ነበር፤ አልተቆጣም።

«አያ ማሬ፣ ታዲያ የኔ ድንበርሳ?»

የዋለን ድንበር በእውነት ነበር የመሰከሩት። «እውነት ነው» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ጉበኑ አየ።