ውሃ የሚፈራው ጉማሬ

ልጅ ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋ ነበር፤ በጠፋ ቁጥር እኔ በልቤ እልል እል ነበር። ያኔ እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ አያቴ ደግሞ በቆሎ የተጠበሰበትን ከሰል ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው፣ ጭሱን በባርኔጣቸው እያባረሩ፣ ስለ ድቡልቡል ማውራት ይጀምራሉ።

ድቡልቡል አያቴ በልጅነታቸው አሳደግኩት የሚሉት፣ ዶሮ የሚያክል ክንፋም ጉማሬ ነው። አንዱ ክንፉ ከሌላው ስለሚያጥር ቀጥ ብሎ መብረር አይችልም፤ ወደ ቀኝ እየዞረ የተነሳበት ቦታ ላይ ዱብ ይላል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ጉማሬ ሆኖ ውሃ መፍራቱ ነበር። ሐይቅ ሲያይ ዓይኑን በጆሮው ይሸፍናል፤ ሲቆሽሽ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቸርች ሲወስዱት ደግሞ መዘምራኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ በዚያ ወፍራም ድምፁ ቀድሞ ይጀምራል። እኔ ሆዴን ይዤ በሳቅ ስንፈራፈር አያቴ ፈገግ እንኳ አይሉም።

አንድ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችን ስለ ቤት እንስሳ ጽፈን እንድንመጣ አዘዘን። ሌሎቹ ስለ ላም፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ድመት ጻፉ። እኔ የደብተር ወረቀት አጥፌ በመርፌና በክር ሰፋሁና፣ በየገጹ ሥዕል ያለበትን የድቡልቡልን መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። አስተማሪው ሁለት ገጽ አነበበ።

«ይሄን እንስሳ የት አየሽው?»

«አያቴ ነግረውኝ ነው።»

«ስለዚህ ውሸት ነው። ነገ ክፍሉ ፊት ቆመሽ ‹ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ› ትያለሽ። አለዚያ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ይቅርታ ብትይ ምን ይጎድልሻል? ብለሽ ተገላገይ» አለችኝ። አመሻሹ ላይ አያቴ አጠገብ ተቀምጬ፣ እስከዚያ ቀን ፈርቼ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ድቡልቡል እውነት ነበር?»

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት። «አልነበረም ልጄ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እንባዬ መጣ። «ታዲያ ዋሽቻለሁ ማለት ነዋ?»

«ስትጽፊው ሰው እንዲያምንሽ ፈልገሽ ነው?»

«አይ። እንዲስቁ ፈልጌ ነው።»

«እንግዲያው አልዋሸሽም። የምትዋሺው ነገ ‹ዋሽቻለሁ› ካልሽ ነው።»

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። አስተማሪው «በይ እንጂ» ሲለኝ መጽሐፌን ገልጬ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።

«አቁሚ!» አለኝ።

አላቆምኩም። ድቡልቡል መዘምራኑን ቀድሞ ሲጀምር ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አስተማሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲርገፈገፍ አየሁት። አንብቤ ስጨርስ ዞር ብሎ፣ እንዳለውም ዜሮ ሰጠኝ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ መጽሐፉን ለማየት ሲጋፉ ዜሮው ትዝም አላለኝ።

አያቴ ካረፉ ቆይቷል። ድቡልቡልን በቅርቡ አሳትሜው ፒያሳ በሚገኝ አንድ መጻሕፍት ቤት ይሸጣል። አንድ ቀን እዚያው አንዲት እናት ገጹን እያገላበጠች «ልጆቻችንን የሌለ ነገር ለምን ታስተምሪያቸዋለሽ? ቢያንስ ክንፉን አውጪለት» አለችኝ። አላወጣሁም፤ ወደፊትም አላወጣም።

ከእነዚያ ምሽቶች የጭሱ ሽታ እየራቀኝ ነው፤ የአያቴ ድምፅ እንኳ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ያልጠፋብኝ፣ ያን ቀን «አቁሚ» ስባል በውስጤ የተነሳው እምቢታ ነው። ክንፋም ጉማሬ እንደሌለ ማንም ሊነግረኝ አይገባም። አውቃለሁ። የጻፍኩትም ስለሌለ ነው።