ፊቱ እንዳለ

ኬልድ ሠላሳ ዓመት በኮሪያ የመርከብ መሥሪያዎች የብየዳ ተቆጣጣሪ ነበር። በያጅ ሥራውን ቀለም ቀብቶ ከጠበቀው ጉዱ ፈላ። «መጀመሪያ ቀለሙን ፋቀው፣ ከዚያ አየዋለሁ» ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም። ጡረታ ሲወጣ በያጆቹ እያለቀሱ ሸኙት። በሐዘን ይሁን በደስታ የጠየቀ የለም።

አሁን ከሚስቱ ከኦክሱን ጋር ሴኡል ይኖራል። ማክሰኞ ዕለት ዴንማርክ ካለው የኤስቢየር ሆስፒታል ተደወለለት፤ ታላቅ ወንድሙ አይነር ሳምንቱን አይጨርስም። ወንድማማቾቹ በስልክ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ኬልድ ፈራ፤ ሳይደርስ እንዳይሞትበት ክፉኛ ፈራ። ለሐሙስ ትኬት ቆርጦ ፓስፖርቱን ቢፈልግ ከጃኬቱ ጋር ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘው።

«ኪስህን ፈትሽ አላልኩህም?» አለች ኦክሱን።

«ብለሽኛል።»

ረቡዕ ጠዋት የሰፈሩ ፎቶ ቤት ገብቶ ተነሣና ፖስታውን ሳይከፍት ወደ ዴንማርክ ኤምባሲ ገሠገሠ። የቆንስላ ሠራተኛዋ ቢርጊተ ፎቶውን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ኬልድ፣ ይሄ ልጅህ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሽብሽብህ የት ሄደ? አገጭህ ላይ ያለው ጠባሳስ?»

ኬልድ መነጽሩን አድርጎ አየ። ፎቶው ውስጥ ፊቱ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ሰው ተቀምጧል።

«በምን ነው ለመሆኑ ጠባሳው?»

«ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው።»

«ጊዜያዊ ፓስፖርት ዛሬውኑ እሠራልሃለሁ። የተነካካ ፎቶ ግን አልቀበልም። ፊትህን እንዳለ አምጣልኝ።»

ለቀባሪው አረዱት። ኬልድ እነዚያ በያጆች ምን ይሉት እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

ፎቶ አንሺው ፓንግ በሃያ ዓመት ያንሰዋል። የደንበኛን ፊት ሳያሳምሩ መስጠት ደግሞ በፓንግ ዘንድ ነውር ነው።

«ሽብሽቤን መልስልኝ» አለው ኬልድ።

«ምነው ጌታዬ! እንዲህ አድርጌ ባወጣዎት ባለቤትዎ ምን ይሉኛል?»

«ለምዳዋለች።»

«እሺ፣ ጠባሳዋን ብቻ እንኳ ላንሣት?»

«እሷም ትቀመጥ።»

«ከምን የመጣች ናት?»

«ወድቄ ነው።»

እንደገና አነሣው። ፓንግ እሺ ቢልም እጁ በልማድ ወደ ኮምፒውተሩ ማውስ ይሄዳል፤ ኬልድ ፎቶው ታትሞ እስኪወጣ ማውሱን ጨብጦ ተቀመጠ። ፓንግ በመጨረሻ የፎቶ ቤቱ ስም በሌለበት ፖስታ ከትቶ ሰጠው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ባይታወቅ ይሻለው ነበር።

ቢርጊተ ፎቶውን ስታይ «አዎ፣ ይሄ አንተ ነህ» አለች። ከሰዓት በኋላ ፓስፖርቱ እጁ ገባ።

አርብ ኤስቢየር ሲደርስ አይነር በሕይወት ነበር። ዓይኑ ደክሟል። እጁን ዘርግቶ የወንድሙን አገጭ ዳበሰ።

«አሁንም አለች» አለ።

«የት ትሄዳለች?»

«ለእማማ ወድቆ ነው አልኳት» አለ አይነር። «በአካፋ የመታሁህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ለምን ለሰው አልተናገርክም?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ኬልድ።