«ስሪ ኳርተርስ» ምን እንደሆነ አላውቅም ያልኩበት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስደረድር፣ ይህችን ዘልያት ተነሥቻለሁ። አንተ የምታነበው ሰው ግን ፊትህ አይታየኝም፤ ስለዚህ ላንተ ልናገር።

በጣልያን ጊዜ ቡታጅራ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። ጣልያንኛውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ከአንድ ጣልያን አናጢ ዘንድ ስሠራ ነው። ጣልያኖቹ ተርጉምልን ብለው ሲይዙኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እንግሊዝኛ መጀመሬን ግን ከመምህር አጥናፉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መምህር አጥናፉ ከጎጃም መጥተው ቡታጅራ የቀሩ ሰው ናቸው። ጣልያን ከመግባቱ በፊት እሑድ እሑድ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ክፍልፋይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምሩኝ ነበር።

«ግማሽን ‹ዋን ሰከንድ› እንዳትል፤ ሃፍ ነው። ሲሶ፣ ዋን ሰርድ። ከሦስት ሁለት እጅ ሲሆን ግን ቱ ሰርድስ፤ መጨረሻዋን ‹ስ› አትዋጣት» ይሉኛል። እኔም አነባበቡን ብቻ በፊደላችን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ያ ወረቀት እሳቸው ቤት ቀርቶ ኖሮ በፍተሻ ተገኘ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ በሰላይነት የሚጠረጠርበት ሰሞን ነው። የጣልያኑ ሻምበል መምህር አጥናፉን ከፊቱ አቁሞ፣ ወረቀቱን «አንብበው» ብሎ ሰጠኝ። የገዛ እጅ ጽሑፌ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል፤ ወዴት ልሂድ? አነበብኩ። «ስሪ ኳርተርስ» ስል አስቆመኝ። በእነሱ ቋንቋ «ትሬ» ሦስት ነው፤ «ኳርቲዬሬ» ደግሞ የጦር ሰፈርም ማለት ነው።

«የትኞቹ ሦስት ሰፈሮች ናቸው? ወረቀቱስ የማን ነው?»

ተረጎምኩላቸው። መምህር አጥናፉ አንዴ አዩኝ።

«የኔ ነው። ሒሳብ ነው በልልኝ፤ ከአራት ሦስት እጅ ማለት ነው።»

ይህንንም በታማኝነት ተረጎምኩ። ሻምበሉ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«እውነቱን ነው? አንተ ታውቀዋለህ?»

አውቀው ነበር። አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የምታስፈልገው። ከየት ተማርክ ቢለኝስ? እስቲ ጻፍ ቢለኝስ? እያወቅሁ፣ በገዛ አፌ፣ «አላውቅም» አልኩ። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። አላውቅም አልኩ።

በጭነት መኪና ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አንተ እዚያ ነበርክ አሉ። ምን አጠፋ ብለው ነው የወሰዱት?»

«የእንግሊዝኛ ወረቀት ተገኝቶባቸው ነው» አልኳቸው።

«አንተስ ምን ታደርግ፤ ታዘህ ነው» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ማጽናኛቸውን ተቀበልኩ። ይህን ሳያውቁ ሞቱ።

አሁን ፈርቼ ነው ልበል? መምህር አጥናፉም ፈርተው ነበር። ወረቀቱ የማን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከአጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ በጣት መጠቆም ብቻ በቂ ነበር። አልጠቆሙኝም።