ያልጻፍኩት መጨረሻ

ከወልድያ የወጣሁ ለት፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ መናኸሪያው በር ላይ ባለቤቴ አስካለ ሁለት ነገር አስያዘችኝ፤ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና በነጠላ የጠቀለለቻቸውን ስድስት ደብተሮቼን። ደብተሮቹ ልቦለዴ ናቸው። እኔ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ፣ ንባብን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ፣ አስካለንም ራሴ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ባንድ ቦታ ኩርምት ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።

"መቼ ትመለሳለህ?" አለችኝ።

"መጽሐፌ ታትሞ ሳየው!" አልኳት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ መግባትም ስደት ነው ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ። መካኒሳ አቦ አካባቢ ስደርስ ክረምት ነበር። የእኛ ጭቃ እግር ያቆሽሻል፤ የዚያ ጭቃ ጫማ ይቀማል። እኛ ዘንድ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ አይለይም፤ እዚያ "ሰላም ነው?" ይልህና መልስህን ሳይሰማ ታክሲ ውስጥ ገብቷል። ሽሮውም ውሃ ውሃ ይላል፤ በርበሬውን ለማን እንደሚቆጥቡት እንጃ።

አከራዬ ወይዘሮ ዘነቡ ገና በሩ ላይ ያዙኝ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ደራሲ ነኝ።"

"እሱስ ይሁን፤ የሚሠሩትን ነው የጠየቅኩዎት።"

"እጽፋለሁ።"

"በመብራት?"

"በእስክሪብቶ።"

"መብራቴን አብርተው ወይ ነው የምልዎት! ያለፈው ተከራዬ ተማሪ ነበር፤ ቆጣሪዬን እንደ እንዝርት አሾረው። ሁለት ሰዓት ሲሆን አምፖሏን ነቅዬ እገባለሁ።"

ነቀሉም። እኔ ግን ማን ሆኜ! ፉሪ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች የቀን ዘበኛ ሆንኩና ብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጬ ልቦለዱን እንደ አዲስ ገለበጥኩት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ባል ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባል፤ ሚስቱ ተዋበች የቤቷን ግድግዳ በየዓመቱ እየመረገች ትጠብቀዋለች፤ ሳይመለስላት ትሞታለች። ትልቅ መጽሐፍ የሚያልቀው በሞት ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት።

ሮማን የምትባል የላፍቶ ታይፒስት ተየበችልኝ። የማተሚያ ቤቱ ሰው "ጋሼ፣ የእርማት ቅጂውን አንብበው ይፈርሙ" ሲለኝ፣ "እኔ የጻፍኩት ምን እርማት ያስፈልገዋል?" ብዬ ሳልገልጥ ፈረምኩ።

መጽሐፉ ወጣ። አንዱን ለአስካለ ላክሁላት። እኔ ግን አልተመለስኩም። ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር፤ ደግሞም መጽሐፍ በሚያከራዩ ሱቆች ደጃፍ እየተንጎራደድኩ ማን እንደሚያነበኝ ማየት ለመደብኝ። አንድ ቀን ላፍቶ ላይ አንዲት ሴት መጽሐፌን ለባለሱቁ ስትመልስ "እሰይ፣ እንኳን ተመለሰላት!" አለች።

"ማን ነው የተመለሰው?" አልኳት።

"ባልየው ነዋ! አላነበቡትም እንዴ?"

እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ተዋበች አልሞተችም። ግድግዳዋን እየመረገች ሳለ ባሏ ከኋላዋ ይመጣና "ጭቃውን ላቀብልሽ?" ይላታል።

እየከነፍኩ ሮማን ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሰባት ምዕራፍ አብሬያት ቆይቼ እንዴት ልግደላት? ጣቴ እምቢ አለኝ።"

"ደራሲው እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ሲፈርሙ ለምን አላነበቡትም?"

እኔ፣ መልስ የማላጣው ሰው፣ ዞሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥም መቆምም አልቻልኩም። የእኔ ያልሆነ ገጽ በስሜ ሲዞር! ቢያንስ አስካለ እውነቱን ትወቅ ብዬ በወልድያ ስልክ ቤት አስጠራኋት።

"አነበብኩት" አለች ሰላምታው እንዳለቀ። "ፊደል ካስቆጠርከኝ ጀምሮ የጻፍከውን ሁሉ አንብቤልሃለሁ። እንደዚያች እንደ መጨረሻዋ ገጽ ያለ ግን ጽፈህ አታውቅም።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ለእኔ መሆኑ ገብቶኛል" አለች። "ግድግዳውን መርጌዋለሁ። አንዱን ጎን ላንተ ትቼዋለሁ። መቼ ነው?"

ሰው እስኪያመሰግነኝ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ ራሴ እቀድማለሁ። ባልሠራሁት ተመስግኜ ግን አላውቅም ነበር። "እኔ አልጻፍኩትም" የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ቆመች።

"ሃሎ? ጠፋህ እንዴ?"

"አለሁ።"

"መቼ ነው ታዲያ?"

"ጭቃው እንዳይደርቅ ውሃ ጨምሪበት" አልኳት። ቀን ግን አልቆረጥኩላትም።