የመካ ጠበል

ይህ የሆነው ኮሌራ ካርቱምን በያዘበት ሰሞን ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄ ግን ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከጎንደሯ ጓደኛዬ ከትርንጎ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ፤ እሷ ማተቧን ከአንገቷ የማትለይ ክርስቲያን። በሥጋ ምክንያት ድስታችን ሁለት ነው፣ ሌላው ሁሉ አንድ። ግቢው የአሮጊቷ የሐጃ ሲትና ነው።

መብራት ከጠፋ ጀምሮ ቧንቧው ደርቋል። ውሃ በአህያ ጋሪ ከሚያዞሩት እንገዛለን፤ ከየት እንደሚቀዱት እነሱ ያውቃሉ። አፍልታችሁ ጠጡ ተባልን። ማፍላቱስ እሺ፣ የሚፈላው የታለ? ጋሪው ካልመጣ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ መዋል ነው።

ትርንጎን የያዛት ጋሪው በቀረበት ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት ውሎ ዓይኗ ጎደጎደ፣ እጇ ቀዘቀዘ። በጎ ፈቃደኞች ያደሉን የኦአርኤስ ዱቄት አለኝ፤ የምበጠብጥበት ውሃ ግን የለኝም። ጎረቤት ሁሉ ዞርኩ፣ «ወላሂ ማፊ» አሉኝ። የላቸውማ። ግቢው መሀል ቆሜ አለቀስኩ።

ሐጃ ሰምተውኝ ከአልጋቸው ሥር አንድ የታሸገ ጀሪካን ጎትተው አወጡ። ደነገጥኩ። ሲሞቱ ሊታጠቡበት ከመካ አምጥተው፣ ከከፈናቸው ጋር ያስቀመጡት ዘምዘም ነው።

«ሐጃ፣ ይሄማ ለእርስዎ ነው» አልኳቸው።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እኔ ገና አልሞትኩም፤ እሷ ግን ልትሞት ነው። ያላ፣ በጥብጪ!»

ጀሪካኑን ከፍቼ በጠበጥኩ። ትርንጎ ኩባያውን አይታ «የምን ውሃ ነው?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«የመካ ጠበል ነው» አልኳት።

አማትባ ጠጣችው። ሐጃም «ቢስሚላህ» አሉላት።

ያን ውሃ ስትጠጣ ውላ ማታ ነፍስ ዘራች። በማግስቱ ጋሪ ላይ ጭነን ወደ ሕክምና ድንኳኑ ወሰድናት፤ ዳነች።

ሐጃ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ኮሌራው አይደለም፣ እርጅና ነው። የሚያጥቧቸው ሴቶች «ዘምዘማቸው የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ትርንጎ ከበሩ ላይ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዋ፣ «እኔ ጠጥቼዋለሁ» አለቻቸው። ሴቶቹ አዩዋትና አንዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሐጃን በጋሪ ውሃ አጠብናቸው።

ቧንቧው ዛሬም ደረቅ ነው፤ ደክሞኛል። ሐጃ የተመኙትን ሳያገኙ በመቀበራቸው ሆዴን ይበላኛል። ትርንጎ ቀድማኝ ተነሥታ የውሃ ተራ ስትይዝ ሳይ ግን፣ ያንን ጀሪካን ዛሬም ቢሆን መልሼ እከፍተው ነበር እላለሁ።