አጎዛ የለበሰች ሞተር

ጎረቤቴ ወልደኪዳን ከደጋው ጎረቤላ ቆላው አሊዩ አምባ ድረስ ሰው በሞተር ያመላልሳል። እኔ ቤቴ ደጋው ላይ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ታች ቆላ ስለሆነ ደንበኛው ነበርኩ። ቁልቁለቱን ተንደላቅቄ እወርዳለሁ፤ ዳገቱን ግን ያቺን ሞተር ከኋላ እየገፋሁ እወጣለሁ። መምህር ነኝ ወይስ በሬ?

ቆላው ላይ ምንም አትልም። ጉም የሚጀምርበት የዳገቱ መንገድ ጥምዝ ላይ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋና ቀጥ!

«ካርቡራተሩ ነው፣ ጋሼ» ይላል ወልደኪዳን። ያየ ሁሉ እንደዚያው ይላል። የጎረቤላው መካኒክ መቀመጫዋን ነቅሎ ካርቡራተሩን ያጥባል፤ ሲያስነሳት ጤነኛ ናት። መቀመጫዋ ተመልሶ ይታሰራል፤ በማግስቱ እዚያው ጥምዝ ላይ ቀጥ። ደብረ ብርሃን ድረስ በመኪና ተጭና አዲስ ካርቡራተር ተገጠመላት። እዚያም መቀመጫዋ ተነቅሎ ተሞከረች፤ እዚያም ጤነኛ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! የምትታመመው እኛን ስታይ ብቻ መሰለኝና ጠላኋት።

መቀመጫዋ ላይ ወፍራም ነጭ አጎዛ ታስሯል፤ ጠጉሩ በግራና በቀኝ ተንዘርፍፏል። የአንኮበር ብርድ የልጃቸውን ወገብ እንዳይቆርጠው የወልደኪዳን እናት እትዬ አልታየች በእጃቸው አልፍተው የሰጡት ነው።

ወልደኪዳን የአባቱን መሬት ለወንድሙ ለቆ ባገኘው ገንዘብ የገዛት ሞተር ናት፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ሸሸው። በመጨረሻ አንድ ቀን ጥምዙ ላይ በእርግጫ መታትና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔንም ልመታት ቃጥቶኝ ነበር።

በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ላይ ለሽንኩርት ነጋዴው ለዘይኑልአቢዲን ሸጣት። ሕመሟን አልደበቀውም።

«ኢንሻአላህ አሠራታለሁ» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ የአጎዛውን ጠፍር እየፈታ። «ይሄን ግን ውሰድልኝ ወንድሜ፤ በዚህ ሙቀት ልትቀቅለኝ ነው?»

ማታ እኔና ወልደኪዳን በአይሱዙ ጀርባ ተሳፍረን ተመለስን፤ አጎዛው ጉልበቱ ላይ ነው። ጥምዙ ጋ ስንደርስ ከኋላችን የሞተር ድምፅ መጣ። ዘይኑልአቢዲን ነው፣ ገና መካኒክ እንኳ ሳያሳያት! ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ፣ እጁን እያወዛወዘልን ጉሙን ሰንጥቆ አለፈን። ጭስ የለ፣ መንተፋተፍ የለ።

ወልደኪዳን ድምፁ እስኪጠፋ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ተቀመጠና አጎዛውን ማገላበጥ ጀመረ። ከአንዱ ጠርዝ ጠጉሩ መዳፍ በሚያህል ክብ ተጣብቆ በአቧራ ጠቁሯል። ያኔ ገባን። የሞተሯ የአየር መሳቢያ አፍ እዚያው ጎን፣ ከመቀመጫዋ ሥር ነው፤ የሠሯት ሰዎች ከአቧራና ከዝናብ ይሰወር ብለው ያስቀመጡት። ካርቡራተሩ ቤንዚኑን የሚቀላቅለው ከዚያ በሚገባው አየር ነው። ጉሙ ያራሰው አጎዛ አፉን ሲደፍነው ሞተሯ አየር አጥታ በቤንዚን ትታፈናለች። መካኒኮቹ ደግሞ ገና ሲጀምሩ መቀመጫዋን ከነአጎዛው ይነቅሉታል! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«እንለምነው፣ ይመልስልህ ይሆናል» አልኩት።

«የተሸጠ ተሸጧል፣ ጋሼ።»

እትዬ አልታየች ደጅ ሆነው ይጠብቁት ነበር። አጎዛውን ተቀብለው አራገፉት።

«እሰይ፣ እንኳን መለሱልህ! ሌላ ሞተር ስትገዛ ይሆንሃል።» ጠርዙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይሄ ጥቁር ነገር ግን ምን ነካው?»

ወልደኪዳን እኔን አየኝ፣ ከዚያ እናቱን።

«አቧራ ነው፣ እማዬ» አለ።