የጥርኝ አጥማጁ ደንብ

ቡራዩ የገባሁት አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዜ የሚችለው ክፍል ስላጣሁ ነበር። ሥራዬ የዱር እንስሳት ጉዳይ በሚከታተል መሥሪያ ቤት ነው። ጠዋት በሚኒባስ ተጨናንቄ ከተማ እገባለሁ፣ ማታ ተጨናንቄ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ የት እንደምኖር ጠይቆኝ ስነግረው ፊቱ በራ።

"እንግዲያው የገፈርሳውን ጥርኝ አጥማጅ አንቺ ትከታተያለሽ" አለኝ።

ሰውየው ፈቃድ አላቸው። ጥርኝ አጥምደው ይቀልባሉ፤ ከእንስሳው ጅራት ሥር የሚገኘውን ዝባድ፣ ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉትን ቅባት፣ ይሸጣሉ። ደንቡን ማክበር አለማክበራቸውን ግን ሄዶ ያየ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ደንቡን በፕላስቲክ አቃፊ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ከገፈርሳ ግድብ በላይ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት ላይ ነው። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ገብስ ያሰጣሉ። "አካም ቡልታን?" ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው፤ ኦሮምኛዬ ከዚያ አያልፍም ነበር። እሳቸው ግን እንደ ዘመድ ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሽማግሌውን ጎረቤቱ ሁሉ "ኦቦ"፣ አቶ እንደማለት፣ ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ አልኳቸው።

አቃፊዬን ከፍቼ አነበብኩላቸው። በሽቦ ማጥመድ ክልክል ነው። ሴት ወይም ግልገል ከተያዘ ወዲያው ይለቀቃል። በመራቢያ ወራት አይጠመድም። የተያዘ እንስሳ ያለ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አይሸጥም፣ አይዛወርም፣ አይለቀቅም።

ጨርሼ ቀና ስል አገጫቸውን በዱላቸው ደግፈው ያዩኛል።

"ይሄን የጻፈው ሰው ጥርኝ አይቶ ያውቃል?"

"እንጃ፣ ኦቦ።"

"አንቺስ?"

አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ባለቤታቸው ከውጭ ሆነው ሲስቁ ተሰማኝ። ጥርኞቹ ያሉበትን ጎጆ እንዳሳዩኝ ብለምናቸው እምቢ አሉ። እንስሶቹ እንግዳ ሲያዩ ይደነግጣሉ አሉ። "መጀመሪያ የሚያዙበትን እይ። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ሳይነጋ ነይ። ሽቶ እንዳትቀቢ።"

በቀጠሮዬ ሄድኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ኦቦ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በጅረቱ ዳር ዳር ወረድን። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ቆሙና በዱላቸው መሬቱን አሳዩኝ፤ የደረቀና የረጠበ ኩስ ተከምሯል። ጥርኝ እንደ ሰው ቦታ መርጦ ነው የሚጸዳዳው፣ ሁልጊዜ እዚያው ይመለሳል አሉኝ። እሳቸውም የሚያጠምዱት ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ መጸዳጃው ላይ ግን ፈጽሞ አያጠምዱም።

"ለምን?" አልኳቸው።

"አንቺን እዚያ ቤት ውስጥ ቢይዙሽ ደስ ይልሻል?"

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እዚያ ድምፅ ከፍ ማድረግ ክልክል ነበራ።

መረባቸው የቃጫ ነው፣ ራሳቸው የቋጠሩት። ሲመሽ ይዘረጉታል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ያዩታል። አርፍዶ መድረስ በእሳቸው ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ እንስሳው በሙቀት ይጨነቃል፣ ውሻም ያገኘዋል። የዚያን ዕለት መረቡ ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራገጥ ነበር። ኦቦ ጋቢያቸውን ጣሉበትና በሁለት እጃቸው ያዙት። ከጋቢው ጫፍ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ፊትና ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ብቅ አሉ። ጠጉሩ ዥንጉርጉር፣ ጀርባው ላይ የቆመ ጥቁር ጋማ። ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፤ ከበድ ያለ፣ ቶሎ የማይለቅ ሽታ።

ኦቦ ሆዱን ዳሰሱና ፊታቸው ተለወጠ። "እናት ናት። ጡቷ ወተት አለው።"

መረቡን በጥርሳቸው ጭምር ፈቱት። ስትቧጥጣቸው ክንዳቸው ደማ፤ እሳቸው ግን በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያናግሯታል። ከለቀቋት በኋላ ምን እንዳሏት ጠየቅኳቸው።

"ይቅርታ ነዋ። ልጆቿን አስርቤ።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ወረቀታችሁ ወሩን ተሳስቷል፤ እዚህ ብርድ ነው፣ ዘግይተው ነው የሚወልዱት። እኔም ዘንድሮ ቸኮልኩ" አሉ። መረቡን ጠቅልለው ለዚያ ወቅት ሰቀሉት።

ይህንን ሁሉ ሪፖርቴ ውስጥ ጻፍኩ። አለቃዬ ዳሩ ላይ "ምንጩ ማን ነው?" ብሎ በቀይ መለሰልኝ። "እናቲቱ" ብዬ ልጽፍለት ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መሄድ ልማዴ ሆነ። ለሥራ ነው እላለሁ እንጂ ለኦቦና ለባለቤታቸው ብዬ ነበር። ጎጆዋንም ገባሁባት። እሳት ሁልጊዜ ይጤሳል፤ ከእንጨት በተሠሩ ረጃጅም ቀፎዎች ውስጥ አራት ወንድ ጥርኞች ተኝተዋል። ባለቤታቸው በቅቤ የራሰ ገንፎና ጥሬ ሥጋ ያቀርቡላቸዋል፣ ኦቦ በቀንድ ማንኪያ ዝባዱን ይጠርጋሉ። ከአራቱ ትልቁ ከቀፎ ሳይወጣ ብዙ ዓመት የኖረ ነው። የኦቦን ሳል ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል።

ከዚያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር መጣ። ከተማዋ ወደ እኛ ትሰፋለች ተባለ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ጀመር፤ ገበሬው ስለ መሬቱ፣ እኛ ተከራዮቹ ስለ መንገዱ። አንድ ሰኞ ተቃውሞ ተነሣና መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። ሱቁም፣ ሥጋ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ተኩስ ይሰማል፤ ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሦስት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ጸጥ ሲል፣ በጓሮ መንገድ በእግሬ ወደ ገፈርሳ ወጣሁ።

ባለቤታቸው እንዳዩኝ አቀፉኝ፣ ግን አልሳቁም። ኦቦ ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጠዋል።

"አይበሉም" አሉኝ። "ተኩሱ ሲሰማ ራሳቸውን ከእንጨቱ ጋር ያጋጫሉ። ሥጋ የለም። ገንፎውን ያሸቱና ይተዉታል።"

"እንልቀቃቸው፣ ኦቦ።"

"ደብዳቤስ?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

"ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "በደኅናው ቀን ወረቀትሽ ላይ ስቄያለሁ። አሁን ግን ሰው ሁሉ በሚጠረጠርበት ጊዜ ባዶ ቀፎ ይዤ ብገኝ፣ ሽጠሃቸው ነው ይሉኛል። ጻፊልኝ።"

ማኅተሙ ያለው ከተማ ነው፣ ከተዘጋው መንገድ ወዲያ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ ሥልጣን አልነበረኝም። ከማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ። አራት ወንድ ጥርኞች በመኖ እጦትና በጭንቀት ምክንያት ተይዘው በነበሩበት አካባቢ እንዲለቀቁ ፈቅጃለሁ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ባለቤታቸው ምስክር ሆነው በከሰል ባጠቆሩት አውራ ጣታቸው አተሙበት። ለራሴ ግልባጩን በሌላ ገጽ ጻፍኩ። ኦቦ ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ተሸክመን ጅረቱ ዳር አወረድናቸው። ሦስቱ በሩ እንደተከፈተ ወደ ቁጥቋጦው ተፈተለኩ፤ ወደ ኋላ ያየ የለም። ትልቁ ግን ከቀፎው ወጣና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ኦቦ "ሂድ!" አሉት። አጨበጨቡለት። ጠጠር ወረወሩ፣ አጠገቡ እንጂ እሱን አይመቱትም። ጆሮውን አቁሞ ያያቸዋል። በመጨረሻ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ፤ ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። ባለቤታቸው እንስሳውን በጋቢ ጠቅልለው አቀፉትና ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ጎተራው ሥር፣ ያለ ቀፎ፣ እንደፈለገው ኖረ። ቀን ይተኛል፤ ሲመሽ ወጣ ብሎ ሲነጋ ይመለሳል። ገንፎውንም መብላት ጀመረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሳይመለስ ቀረ። ኦቦ ጅረቱን ሁሉ ፈለጉ፤ ደምም ጠጉርም አላገኙም። ባለቤታቸው "እንኳን ሄደ" አሉ፤ ገንፎውን ግን ለተወሰኑ ቀናት ማስቀመጣቸውን አልተዉም።

መንገዱ ሲከፈት የደብዳቤዬን ግልባጭ ይዤ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይሄን ለመፍቀድ ማን ሥልጣን ሰጠሽ?"

"ማንም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ደብዳቤዬን ግን አልሻረውም። ፋይሉ ውስጥ አኖረውና "ሰውየውን የሚጠይቃቸው ካለ ወደ እኔ ይምጣ" አለ። የጠየቃቸው የለም።

ዕቅዱ ቀረ ተባለ። ቤቶቹ ግን በራሳቸው ጊዜ እየተጠጉ መጡ፤ ከጅረቱ ዳር ብሎኬት ማምረቻ ተከፈተ። ኦቦ ዳግመኛ አላጠመዱም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሱሉልታ ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። እኔም ሥራ ቀይሬ ወደ ሰበታ ሄድኩ።

ባለፈው ዓመት ሱሉልታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ምሳ በልተን ፀሐይ ላይ እንደተቀመጥን በድንገት "እዚህ ጋራው ላይ ጥርኝ ይኖር ይሆን?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ኦቦ።"

"ተነሺ እንየው።"

ልጃቸው ብትቆጣም ክንዴን ይዘው ተነሱ። በየጥዱ ሥር እየቆምን፣ እኔ መሬቱን እያየሁ የማየውን እየነገርኳቸው፣ ቀስ ብለን ወጣን። የበግ በጠጥ፣ የጅብ ነጭ ኩስ፣ ሌላ ምንም። አልከፋቸውም። ድንጋይ ላይ አረፍ ብለን ልጃቸው የቀቀለችውን ባቄላ ከከረጢት እያወጣን በላን። ንፋሱ ሲበረታ ነጠላዬን ደረብኩላቸውና ቁልቁለቱን ተያያዝነው።